ማሲንቆው ከደጅ፣ ቫዮሊኑ ከአዳራሽ፦ እስከ መቼ?

ማሲንቆ ያለው አንድ አውታር ብቻ ነው፤ ከፈረስ ጭራ የተሠራ። ደጋኑም የሚወጠረው በዚያው በጭራ ነው። አዝማሪው በዚህች አንዲት አውታር ሠርግ ያደምቃል፣ ጀግና ያወድሳል፣ የሞተውን አንሥቶ ያስለቅሳል፣ ሹም ሲበድልም በሰምና ወርቅ ሸንቆጥ ያደርጋል። ቫዮሊን በበኩሉ አራት አውታሮች አሉት፤ እርሱም ድምፅ የሚሰጠው ጭራ የተወጠረበት ደጋን ሲሳብበት ነው። ሁለቱም ጣት የሚያርፍበትን ስፍራ አስቀድሞ የሚወስን እርከን በአንገታቸው ላይ የለባቸውም፤ የድምፁ ልክ የሚገኘው ከተጫዋቹ ጆሮና ከጣቱ ነው። በአሠራር ይህን ያህል የሚዛመዱ ሁለት መሣሪያዎች በኢትዮጵያ የሙዚቃ ኑሮ ውስጥ ግን እንደ ባዕድ ተለያይተው ኖረዋል። ቫዮሊኑ ወደ አዳራሽ ሲገባ ማሲንቆው ከደጅ ቀረ። አንዱ በኖታ ወረቀት ፊት ተቀምጦ ሲከበር፣ ሌላው በጠጅ ቤት አግዳሚዎች መካከል እየተዘዋወረ ሽልማት የሚጠብቅ ተብሎ ተናቀ።

ይህ መለያየት የተፈጥሮ ሕግ አይደለም፤ የታሪክ ውጤት ነው። ታሪክ ያቆመውን ግድግዳ ደግሞ የሰው እጅ ሊያፈርሰው ይችላል። ጥያቄውም የሚከተለው ነው። ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላና አንድ ቼሎ ያቀፈ፣ በሙያው ቋንቋ ስትሪንግ ኳርቴት የሚባል ጓድ፣ የክላሲካልን ሙዚቃ የአደረጃጀት ጥበብ ከጃዝ በቅጽበት የመፍጠር ነጻነት ጋር አዋሕዶ የኢትዮጵያን ቅኝቶች እንዲጫወት ቢደረግ፣ መድረኩም በመሐል ከተማ ሆቴል ሳይሆን በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ቢተከል፣ ሥራው የሚደገፍ ነው ወይስ የሚነቀፍ? በእንዲህ ያለ ሐሳብ ላይ ሦስት ወገኖች ከሦስት አቅጣጫ ይዘምታሉ። የመጀመሪያው ባህል ይበረዛል ይላል። ሁለተኛው ክላሲካል ይዋረዳል ይላል። ሦስተኛው ኮልፌ የሚያሻው ውሃና መንገድ እንጂ ቼሎ አይደለም ይላል። ሦስቱም አንድ በአንድ ሊመረመሩ ይገባል፤ በእያንዳንዳቸው ውስጥ ቁራጭ እውነት አለና። ቁራጭ እውነት ደግሞ ከሙሉ ሐሰት ይልቅ ለማስተባበል ያስቸግራል።

ትንፋሽ ገባ፣ ደጋን ቀረ

ዘመናዊ የሚባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ያደገው በአመዛኙ በሰልፍ ሜዳ ላይ ነው። በ1924 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ወጣቶች፣ ከመሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አዲስ አበባ ሲገቡ በእጃቸው የያዙት የነሐስ መሣሪያ ነበር። ከዚያ ወዲህ የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ሙዚቃ ክፍሎች የአገሪቱ ትልልቅ የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች ሆኑ። መለከቱ፣ ትሮምቦኑና ሳክስፎኑ ከሰልፍ ወደ መድረክ፣ ከመድረክም ወደ ምሽት ክበብ ተሻገሩ። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ የታተሙት ሸክላዎች ዛሬ በመላው ዓለም የሚደመጡት በዚያ የትንፋሽ ድምፅ ነው። ይህ ታላቅ ሀብት ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም።

ይሁን እንጂ በዚህ ጉዞ ውስጥ ደጋን የት ነበረ? ፈጽሞ አልገባም ማለት አይቻልም። ፖላንዳዊው የቫዮሊን ባለሙያ አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች በ1940ዎቹ በክብር ዘበኛ ሙዚቃ ክፍል መሪነት ሠርቷል። በካይሮ የእርሱ ተማሪ የነበሩት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ሙዚቃን የጀመሩት በስዊዘርላንድ በፒያኖና በቫዮሊን ነው። በ1955 የተከፈተው የዛሬው ብሔራዊ ቴአትርም በነርሲስ ናልባንዲያን አቀናባሪነት የኢትዮጵያን ዜማ ለኦርኬስትራ አብቅቷል። ነገር ግን በእነዚህ ሁሉ ስፍራዎች የቫዮሊኑ መምህር ማሲንቆ አልነበረም። ደጋን አያያዝም ሆነ የድምፅ ልክ የተቀዳው ከአውሮፓ ነው።

ያ ትውልድ ሦስት ታላላቅ መንገዶችን ጠርጓል። አንደኛው የትምህርት መንገድ ነው። በአሜሪካ በኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት የሠለጠኑት አሸናፊ ከበደ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትን አቋቋሙ፤ እርሳቸው ራሳቸውም ፍሉት፣ ክላሪኔት፣ ቫዮሊንና የጃፓንን ኮቶ በአንድ ድርሰት አገናኝተዋል። ሁለተኛው ባህላዊ መሣሪያን ወደ አዳራሽ ያስገባው መንገድ ነው። በ1963 ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብ በዩኒቨርሲቲው የኪነ ጥበባት ማዕከል ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ፤ በኋላም ተስፋዬ ለማ እየመሩት ማሲንቆ፣ ክራር፣ በገና፣ ዋሽንትና እምቢልታ በአንድ መድረክ ላይ ተቀመጡ። ሦስተኛው የሙላቱ አስታጥቄ መንገድ ነው። በጅማ የተወለደው፣ በዌልስ፣ በለንደንና በቦስተን የተማረው ሙላቱ፣ በ1966 በኒው ዮርክ ካወጣቸው ሁለት ሸክላዎች አንሥቶ በ1974 አዲስ አበባ ላይ እስከ ታተመው ሥራው ድረስ አምስት ድምፅ ያላቸውን ቅኝቶች ከአሥራ ሁለቱ የምዕራብ ድምፆች ጋር አጋጠመ፤ ስሙንም ኢትዮ ጃዝ አለው።

ሦስቱ መንገዶች ተቀራርበው ተጓዙ። ግን ቫዮሊኑ ከማሲንቆው ተምሮ፣ በጃዝ ነጻነት፣ ራሱን ችሎ የሚናገርበት ቋሚ ቤት አልተሠራም። ከ1974 በኋላ የመጣው የሰዓት እላፊ ገደብ ደግሞ የምሽቱን የሙዚቃ ኑሮ አደከመው፤ በ1980ዎቹም የብዙ ሰው ጓድ በኤሌክትሪክ ኦርጋን መተካት ጀመረ። አንድ ሰው፣ አንድ ኦርጋን፣ አንድ ማይክሮፎን ሠርጉን ሁሉ ያዘው። ደጋኑ ሁለተኛ ጊዜ ከደጅ ቀረ።

አራት አውታረኞች በዓለም መድረክ

ኳርቴት የአውሮፓ መኳንንት መዝናኛ ነው የሚል ሰው ስለ መነሻው ብቻ ይናገራል እንጂ ስለ መድረሻው አያውቅም። ዮሴፍ ሃይድን 68 ኳርቴቶችን ሲደርስ ቅርጹን በእርግጥ ለመኳንንትና ለአዋቂ ቤቶች አደላድሎታል። ነገር ግን ቤላ ባርቶክ ከ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ጀምሮ ከጓደኛው ከዞልታን ኮዳይ ጋር የገበሬውን ዜማ በየመንደሩ እየዞረ በድምፅ መቅረጫ ከሰበሰበ በኋላ፣ በስድስት ኳርቴቶቹ ውስጥ የመንደሩ ቅኝትና ምት ጎልቶ ተሰማ። ሀንጋሪ ኳርቴትን አልተዋሰችም፤ ወረሰችው።

ጃዝም ደጋንን ከጥንት ያውቀዋል። በ1934 በፓሪስ የተቋቋመው የስቴፋን ግራፔሊና የጃንጎ ሬይንሃርት ጓድ አንድ ቫዮሊን፣ ሦስት ጊታርና አንድ ባስ ብቻ ነበረው፤ መለከትም ከበሮም አልነበረበትም። ሁሉም አውታር፣ ሁሉም ጃዝ ነበር። በ1957 ጉንተር ሹለር ለጃዝና ለክላሲካል ቅልቅል «ሦስተኛው ጅረት» የሚል ስም ሰጠ። በ1973 የተመሠረተው ክሮኖስ ኳርቴት በ1980ዎቹ አጋማሽ የቴሎንየስ መንክንና የቢል ኢቫንስን የጃዝ ሥራዎች ለአራት ባለደጋኖች አስቀንብሮ ቀረጸ። ከበሮ መቺው ማክስ ሮች በዚያው ዘመን የጃዝ ጓዱን ከአንድ ስትሪንግ ኳርቴት ጋር አጣምሮ ድርብ ኳርቴት አደረገው። በ1985 ደግሞ ዴቪድ ባላክሪሽናን በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ተርትል አይላንድ የተባለውን ኳርቴት ሲመሠርት፣ የጓዱ አባላት ከኖታ ውጭ ዜማ በቅጽበት መፍጠር የሙያቸው ዋና ክፍል ሆነ። ቼሎው እንደ ባስ በጣት ይመታል፤ ደጋኑ በአውታሩ ላይ እየተቆራረጠ የከበሮ ምት ይሰጣል፤ ቫዮሊኑም እንደ ሳክስፎን ብቻውን ይወጣል።

ከሁሉ የሚያስቆጨው የሚከተለው ነው። ክሮኖስ ኳርቴት በ2009 ባወጣው ሥራ ውስጥ የኢትዮጵያ ባህላዊ ዜማ ተካትቷል። ከሳን ፍራንሲስኮ የመጡ አራት ሰዎች የኢትዮጵያን ቅኝት በኳርቴት ሊያሰሙ ሲችሉ፣ ያንን ቅኝት በእናቱ ጀርባ ላይ ታዝሎ የሰማ ወጣት ቫዮሊን ይዞ እንዳይጫወተው የሚያግደው ምንድን ነው? የእጅ ችሎታ ማነስ ነው? አይደለም። የሚያግደው ልማድና ፍርሃት ነው።

ባህል ይበረዛል ለሚሉ

የመጀመሪያው ወገን ጥርጣሬው መሠረት የሌለው አይደለም። እስከ ዛሬ ቅይጥ ተብሎ የቀረበው አብዛኛው ነገር ቅኝትን አላከበረም። በትዝታ ሥር የተቀዳ የከበሮ ምት ማስኬድ ቅይጥ አይባልም፤ ስንፍና ይባላል። ባቲን ለመጫወት የፈረንጅ ስምምነት ድምፆችን እንደ ጡብ መደርደር ዜማውን ያፍነዋል እንጂ አያበለጽገውም። በዚህ ረገድ ጠባቂዎቹ የሚያነሡት ስሞታ ትክክል ነው።

ስሕተታቸው ተከሳሹን ባለማወቃቸው ነው። የኢትዮጵያን ቅኝት የሚያደነዝዘው ቫዮሊን አይደለም፤ ጠባቂዎቹ ራሳቸው በልጆቻቸው ሠርግ ላይ አጨብጭበው የሚቀበሉት ኦርጋን ነው። የኦርጋን ቁልፎች በአንድ ስምንዮሽ ውስጥ አሥራ ሁለት ድምፆችን በእኩል ርቀት ደርድረው ያስቀምጣሉ፤ በሁለቱ ቁልፎች መካከል ያለው ድምፅ በተለመደው አጨዋወት አይገኝም። አንቺሆዬ ግን ከዚህ ሳጥን ጋር ይጣላል። አዝማሪው በማሲንቆው ላይ ጣቱን የሚያሳርፍበት ስፍራ ከኦርጋኑ ቁልፍ ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም፤ ጥቂት ዝቅ ይላል፣ ጥቂት ከፍ ይላል፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድም ይንሸራተታል። የዜማው ለዛ ያለው በዚያች ጥቂት ውስጥ ነው። ሕፃን ልጅ አንቺሆዬን ከኦርጋን ብቻ እየሰማ ካደገ፣ ከ20 ዓመት በኋላ የአዝማሪው ትክክለኛ ድምፅ ለጆሮው የተሳሳተ ይመስለዋል። በዚያን ጊዜ ቅኝቱ ማንም ሳያውጅ ሞተ ማለት ነው። የጉዳዩ ክብደት እዚህ ላይ ነው።

ይህን አደጋ ከሚመክቱት የውጭ መሣሪያዎች ሁሉ ቀዳሚዎቹ የደጋን መሣሪያዎች ናቸው። ቫዮሊን፣ ቪዮላና ቼሎ እርከን የላቸውም፤ ጣቱን ጥቂት ያነሣ ጥቂት ድምፅ ያገኛል። አውታሮቻቸውንም ለአምባሰል ወይም ለባቲ እንዲስማሙ መልሶ መቃኘት ይቻላል። እንግዲህ ባህል እንዲጠበቅ የሚሻ ሰው ከኦርጋኑ ጋር ተሻርኮ ቫዮሊኑን የሚያባርርበት ምን ምክንያት አለው? ሙላቱ አስታጥቄ ክራርን ለማዘመን በውጭ አገር ከባለሙያዎች ጋር መሥራቱ ይታወቃል። ያ ጥረት የሚመሰገን ሆኖ፣ ከዚያ የሚቀድም ሌላ ሥራ አለ፤ ይኸውም የአገሩ መሣሪያ የውጭውን ድምፅ እንዲማር ከማድረግ በፊት የውጭው መሣሪያ የአገሩን ድምፅ እንዲማር ማድረግ ነው። ሊማር የሚገባው እንግዳው ነው።

ጃዝም ቢሆን ቅኝትን የግድ አያፍንም። ማይልስ ዴቪስ በ1959 ያወጣው ዝነኛ ሥራ የተመሠረተው በፍጥነት በሚለዋወጡ ስምምነት ድምፆች ላይ ሳይሆን ረጅም ጊዜ በሚቆዩ የድምፅ መደቦች ላይ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ምንድን ናቸው? እንዲህ ያሉ መደቦች አይደሉምን? የሙዚቃ ባለሙያው በአንድ ቅኝት ውስጥ ቆይቶ፣ ከዚያው ከቅኝቱ ድምፆች ብቻ አዲስ ነገር እየፈጠረ መጓዝ ይችላል። አዝማሪውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

እርግጥ ነው፣ ወሰን ያስፈልጋል። ሁሉም ነገር ለመቀላቀል የተፈጠረ አይደለም። በበገና የሚቀርበው የጸሎትና የንስሐ መዝሙር የራሱ ሥርዓትና የራሱ ሰዓት አለው፤ ለምሽት ጃዝ ግብዓት መሆን የለበትም። የቅዱስ ያሬድም ዜማ በቤቱ ይከበር። ከበገና መማር የሚቻለው ግን አለ። ቼሎ ያን ጥልቅ፣ በእንዝራ የሚርገበገብ ድምፅ እያሰበ ሊጫወት ይችላል። መዝሙሩን መውሰድ ሌላ፣ ከድምፁ መማር ሌላ ነው።

መጀመሪያ ሃይድን ለሚሉ

ሁለተኛው ወገን የሚገኘው በመማሪያ ክፍል ውስጥ ነው። ተማሪው ሃይድንን በወጉ ሳይጫወት ጃዝ ቢጀምር እጁ ይበላሻል፣ ሥነ ሥርዓት ያጣል ይላል። እውነት ነው፤ ደጋን ያለ ሥነ ሥርዓት ጩኸት ነው። ሃይድን አራት ሰዎች እንደ አራት ጨዋ ተከራካሪዎች እየተደማመጡ እንዲነጋገሩ ያስተምራል። ይህን ትምህርት መዝለል አይገባም።

ነገር ግን ሥነ ሥርዓት የአውሮፓ ብቻ ሀብት ነውን? አንድ አድማጭ ከተቀመጠበት «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ሲወረውር፣ አዝማሪው ስንኙን በአንድ ጊዜ ሰምቶ፣ ከዜማው ጋር አስማምቶ፣ ቤት ሳይደፋ መልሶ ያዜመዋል፤ ወዲያውም የራሱን ይጨምርበታል። ይህ ማሰላሰያ ጊዜ የማይሰጥ፣ ጆሮን፣ ማስታወስንና ቋንቋን በአንድ ቅጽበት የሚፈትን ጥብቅ ሥርዓት ነው። የጃዝ ሰዎች አንዱ ጠይቆ ሌላው የሚመልስበትን አጨዋወት እንደ ታላቅ ጥበብ ሲያስተምሩ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ያው ጥበብ ለዘመናት በየጠጅ ቤቱ ሲሠራበት ኖሯል። ልዩነቱ አንደኛው ትምህርት ተብሎ መጻፉ፣ ሁለተኛው ጨዋታ ተብሎ መታለፉ ነው።

የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ የምዕራቡንም የአገሩንም መሣሪያ ያስተምራል። ይህ በብዙ አገር የማይገኝ ዕድል ነው። ሆኖም ሁለት ትምህርት በአንድ ግቢ መሰጠቱ ብቻውን አይበቃም፤ ቫዮሊን ያዡና ማሲንቆ ያዡ በአንድ ክፍል ውስጥ አንዱ የሌላው ተማሪ ሆኖ ካልተቀመጠ ጎረቤት ሆኖ መኖር ነው። ቫዮሊን ያዡ ኖታ ማንበብ ያውቃል፤ ወረቀቱ ሲነሣበት ግን ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። አዝማሪው ያለ ወረቀት ሌሊቱን ሙሉ ይጫወታል፤ የሠራውን ግን ለሌላ ከተማ በወረቀት መላክ አይችልም። አንዱ የጎደለው በሌላው እጅ ነው። በ2013 በወጣው የሙላቱ ሥራ ውስጥ ማሲንቆና ክራር ከዘመናዊው ጓድ ጎን ተሰልፈዋል፤ መቀራረቡ የሚቻል መሆኑ በዚያ ተመስክሯል። የቀረው ነገር ማሲንቆን ለአንድ ዜማ በእንግድነት ከመጥራት አልፎ መምህር አድርጎ መቀበል ነው።

እማሆይ ጽጌ ማርያምም ለዚህ ወገን ሌላ መልስ ናቸው። በ1923 ተወልደው በ2023 ያረፉት እኚህ የሙዚቃ ደራሲ የአውሮፓን ክላሲካል በሚገባ ተምረዋል፤ የቤተ ክርስቲያንንም ዜማ አድምጠው አድገዋል። በ1967 በጀርመን የታተመው የመጀመሪያ ሸክላቸው ሲሰማ አንዱ ቾፒን ነው ይላል፣ ሌላው ብሉዝ ነው ይላል፣ ኢትዮጵያዊው ደግሞ የአገሬ ዜማ ነው ይላል። ሥነ ሥርዓቱን ያወቀ እጅ ከሥርዓቱ ቢወጣ እንደማይረክስ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

ኮልፌ ለምን?

ሦስተኛው ወገን በቢሮ ውስጥ ይቀመጣል። ኮልፌ ቀራንዮ ችግር የበዛበት ክፍለ ከተማ ነው፤ ቫዮሊን የጥጋበኛ ጨዋታ ነው ይላል። ይህ ለሕዝብ የተቆረቆረ የሚመስል አነጋገር በውስጡ ንቀት አለበት። ድኻ ሆዱ እንጂ ጆሮ የለውም ማለት ነውና።

በ2007 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በኮልፌ ቀራንዮ ከ400 ሺህ በላይ ሰው ይኖር ነበር። ከጦር ኃይሎች እስከ አየር ጤና፣ ከዘነበወርቅ እስከ ቤቴልና አለም ባንክ ድረስ ከየክፍለ አገሩ የመጣ ሕዝብ ሰፍሮበታል፤ በአንድ መንደር ውስጥ የመንዙማ ድቤና የቅዳሴ ጸናጽል፣ የጉራጌ ጭፈራና የጎንደር እስክስታ ይሰማሉ። ኔልሰን ማንዴላ በ1962 ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት በኮልፌ ነበር፤ ከሩቅ የመጣ ሰው ከዚህ ሰፈር ተምሮ የተመለሰበት ታሪክ አለ። የሰፈሩ ስም በዓለም ዜና የተነሣው ግን በመጋቢት 2017 ነው፤ የረጲ ቆሻሻ ክምር ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች ያለቁበት መከራ። አንድ ሰፈር በሐዘኑ ቀን ብቻ የሚታወስ ከሆነ፣ ልጆቹ ስለ ራሳቸው የሚሰሙት ወሬ ሐዘን ብቻ ይሆናል። ውሃና መንገድ ያስፈልጋሉ፤ በዚህ ክርክር የለም። ነገር ግን የውሃ ቧንቧ በተዘረጋበት አገር ሁሉ ዘፈን እንዲቆም የወሰነ መንግሥት አልታየም።

ከዚህም በላይ መድረክን በሆቴል ላይ ብቻ መመሥረት ለጥበቡ ራሱ አደገኛ ነው። በፒያሳ በጣይቱ ሆቴል ውስጥ የነበረው ጃዛምባ የተባለው የጃዝ ቤት በጃንዋሪ 2015 በደረሰው የእሳት አደጋ ጠፍቷል። የሆቴል መድረክ ከሆቴሉ ጋር ይኖራል፤ ከሆቴሉም ጋር ይሞታል። የመግቢያውና የመጠጡ ዋጋም አድማጩን ይመርጣል። የአየር ጤና ተማሪ ወይም የዘነበወርቅ ሸማኔ ከሥራ በኋላ በታክሲ ተሳፍሮ ቦሌ ደርሶ ጃዝ ሰምቶ ሊመለስ አይችልም። ኳርቴት በአንጻሩ ከመሣሪያዎች ሁሉ ቀላል ጓዝ ያለው ጓድ ነው። የኤሌክትሪክ መስመር አይጠይቅም፤ ድምፅ ማጉያ አያስፈልገውም፤ አራት ወንበርና ጸጥ ያለ ክፍል ይበቃዋል። የወጣቶች ማዕከል፣ የትምህርት ቤት አዳራሽ፣ የዕድር ቤት ሁሉ መድረኩ ሊሆን ይችላል። መብራት በጠፋ ምሽት ኦርጋኑ ዝም ሲል ደጋኑ አይቋረጥም። የጥጋበኛ ጨዋታ የሚባለው እንግዲህ የትኛው ነው?

ምን ይደረግ?

ክርክር ተግባር ካልተከተለው ቃል ብቻ ነው። ስለዚህ የሚመለከታቸው ሁሉ የየድርሻቸውን ማንሣት ይኖርባቸዋል።

መምህራን የደጋን ተማሪውን በሳምንት ጥቂት ሰዓት ከማሲንቆ መምህር ፊት ያስቀምጡት። ተማሪው በመጀመሪያ ኖታውን ይዝጋ፤ አዝማሪው የሚያወጣውን አንድ ስንኝ ዜማ በቫዮሊኑ እስኪመልስ ድረስ ይሞክር። የአንቺሆዬን ድምፅ ከኦርጋን ሳይሆን ከማሲንቆ ይለካ።

የሙዚቃ ደራስያን ለዚህ ጓድ የሚሆን ድርሰት ያዘጋጁ። የመጀመሪያው ቫዮሊን የማሲንቆን ድምፅ ይያዝ፤ ሁለተኛው በጣት እየተመታ የክራርን ሥራ ይሥራ፤ ቪዮላው የአዝማሪውን ድምፅ ይከተል፤ ቼሎው ምቱንና ጥልቁን ይሸከም። መክፈቻውና መዝጊያው በኖታ ይጻፍ፤ መካከሉ ባዶ ይተው፤ ተጫዋቾቹ በቅኝቱ ወሰን ውስጥ በየምሽቱ አዲስ አድርገው ይሙሉት። ድርሰቱ ሁለት ምሽት አንድ ዓይነት ሆኖ ከተሰማ ጃዝ አልሆነም፤ አራቱ ካልተደማመጡም ኳርቴት አልሆነም።

የባህል ቢሮ ሠራተኞችና የክፍለ ከተማው ኃላፊዎች ደግሞ በኮልፌ ቀራንዮ አንድ ክፍልና አንድ ቋሚ ምሽት ይስጡ። ለበዓል ሰሞን ብቻ የሚጠራ፣ ንግግር እስኪጀመር ሕዝብ ማቆያ የሚደረግ ጓድ አያድግም። ቋሚ ምሽት ሲኖር አድማጭ ይለመዳል፤ አድማጭ ሲለመድ ይጠይቃል፤ ሲጠይቅም ተጫዋቹ ይሻሻላል። በዚያ ምሽት አንድ የሰፈሩ ሽማግሌ ከወንበራቸው ሳይነሡ «ተቀበል!» ብለው አንድ የዜማ ስንኝ ቢያንጎራጉሩ፣ አራቱ ወጣቶች ተቀብለው በአራት ደጋን ሊመልሱላቸው ይገባል። የጓዱ ፈተና ይህ ይሁን። የውጭ አገር ዳኛ አያስፈልገውም።

ይህ ሁሉ ካልተደረገ ምን ይሆናል? ቫዮሊኑ በአዳራሹ ውስጥ ጥቂት አድማጭ ይዞ ያረጃል፤ ማሲንቆውም ከደጅ ሆኖ የቱሪስት መቀበያ ይሆናል፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ሰፊ ሜዳ ኦርጋኑ ብቻውን ይይዘዋል። ያን ጊዜ ባህል ይበረዛል ብሎ ኳርቴቱን የተቃወመው ጠባቂ የሚጠብቀው ነገር አይኖረውም።

አባቶች ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብለዋል። የማሲንቆው ጭራ አንድ ድር ነው፤ የቫዮሊኑ፣ የቪዮላውና የቼሎው አውታሮችም እንዲሁ። ተለያይተው ሲቀመጡ እያንዳንዱ በየፊናው ይበጠሳል። ሲያብሩ ምን እንደሚያስሩ የሚታወቀው በአዳራሽ ክርክር አይደለም። መሣሪያው ይቃኝ፤ በኮልፌ የአንዱ ክፍል በር ይከፈት፤ ማሲንቆውም ከደጅ ገብቶ በመምህሩ ወንበር ላይ ይቀመጥ።